ከጣት የማትበልጥ ብረት

እስቲ ቀረብ በሉና አድምጡ። የምተርክላችሁ የአንዲት ብረት ታሪክ ነው። ብረቷ ከሰው ጣት አትበልጥም። በማውንቴን ሳይክል የኋላ ጎማ አጠገብ፣ ማርሽ መቀየሪያው ከቴላዮው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ተሸሽጋ ትኖራለች። ደህና በሆነች ጊዜ ማንም ልብ አይላትም፤ የተሰበረች ዕለት ግን ሳይክሉ እንዳለ ይቆማል። ለዚህ ትረካ ማንጠልጠያ ብለን እንጥራት።

ማንጠልጠያዋ ብዙ ጊዜ ከለስላሳ አሉሚኒየም ነው የምትሠራው፤ ይህም ታስቦበት ነው። ሳይክሉ ወድቆ ማርሽ መቀየሪያው ከድንጋይ ጋር ሲላተም፣ ከሁሉ ቀድማ እሷ እንድትጎብጥ፣ ሲብስም እንድትሰበር ነው። እሷ ስትሰበር ውዱ ቴላዮ ይተርፋል። ሠሪዎቿ ይህን ሲቀምሩ፣ ባለቤቱ በማግስቱ ወደ ሱቅ ጎራ ብሎ ሌላ ይገዛል ብለው ነው። ያ ሱቅ በሌለበት ከተማስ? የእኛ ትረካ የሚነሣው ከዚያ ነው።

ሓድነት ከመቐለ ሰባት ክፍለ ከተሞች አንዱ ነው። መቐለን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ የተቀመጠች፣ ቤቷም አጥሯም ከድንጋይ የሆነ ከተማ ናት። ዋና ዋናው መንገድ አስፋልት ነው፤ ወደ ሰፈር ሲገባ ኮብልስቶን ይቀበላል፤ ከኮብልስቶኑ ሲያልፉ ደግሞ ጠጠርና አፈር። በበጋ የኖራ ድንጋዩ አቧራ ይነሣል፤ በክረምት ጭቃው ይይዛል። በምሥራቅ የእንዳየሱስን ዳገት ወጥቶ ወደ ኲሓ ነው። በምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከ2,600 ሜትር በላይ ወደምትገኘው ሓገረ ሰላም ነው። እንዲህ ላለ አገር ሰፊ ጎማና ብዙ ማርሽ ያለው ሳይክል ተስማሚ ነው። ማውንቴን የሚገዛ ሰው ለታይታ ብሎ አይደለም፤ መንገዱ ስለሚያስገድደው ነው።

አሁን አንድ ወጣት በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉ። ስም አንሰጠውም፤ ብዙ ነውና። በጠዋት ከሓድነት ተነሥቶ በሳይክሉ ወደ ሥራ ይሄዳል። ዝናብ አድሮ ኮብልስቶኑ ሙልጭ ሙልጭ ይላል። ኩርባው ላይ ጎማው ይከዳውና በቀኝ ጎኑ ይወድቃል። ጉልበቱ ተልጧል፤ እሱስ ይድናል። ሳይክሉን ሲያነሣ ማርሽ መቀየሪያው በሰንሰለቱ ብቻ ተንጠልጥሎ ያየዋል። እየገፋ ወደ ሰፈሩ ሳይክል ጠጋኝ ይሄዳል።

«ኣያ፣ ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ይቺ ብቻ ናት የተሰበረችው።»

ጠጋኙ ስባሪውን በመዳፉ ላይ አገላብጦ አየው። «ሓወይ፣ እኔ ዘንድ የለችም። ከተማውን ብዞር የማገኘው የሌላ ሳይክል ነው። የዚህ ቀዳዳው ሁለት ነው፤ የዚያ አንድ ነው። ቢመሳሰልም አይገጥምም።»

«ብትገኝስ ስንት ትሆናለች?»

«ዋጋውን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ ትገኝ።»

ልብ በሉ፤ ነገሩ ሁሉ በዚህች መልስ ውስጥ አለ። የማይገኝ ዕቃ ዋጋ የለውም፤ የተገኘ ዕለት ዋጋውን የሚቆርጠው ያገኘው ሰው ነው። ብዙዎቻችን ሰንሰለትና ካሴት፣ ማለትም የኋላ ጥርሶቹ ስብስብ፣ ተወደደ ሲባል ጠጋኙን ወይም ባለሱቁን እንወቅሳለን። እኔ ደግሞ ዋጋው የት የት እንዳደገ መንገዱን ተከትዬ ልንገራችሁ፤ ፍርዱን ከዚያ በኋላ ትሰጣላችሁ።

መንገዱ ሩቅ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ፣ ማሪን በሚባል ወረዳ፣ ወጣቶች ወፍራም ጎማ ያላቸውን አሮጌ ሳይክሎች እየሰበሰቡ ከታማልፓይስ ተራራ አካባቢ በአፈር መንገድ ቁልቁል ይለቋቸው ነበር። በ1976 ሪፓክ የሚባል ውድድር ጀመሩ። ስሙ የወጣው ከጥገና ነው። ቁልቁለቱን ሲወርዱ የኋላው ፍሬን ከመጋሉ የተነሣ በውስጡ ያለው ግራሶ ተቃጥሎ ያልቅ ነበርና፣ ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ ፈትተው እንደገና ግራሶ መሙላት ነበረባቸው። ያኔ መለዋወጫ የሚባል ልዩ ነገር የለም። የፍሬን እጀታ ከሞተር ሳይክል ያወጣሉ፤ ሌላውን ካገኙበት ይገጥማሉ። የማውንቴን ሳይክል የተወለደው በጠጋኝ እጅ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከዚያ ኢንዱስትሪው መጣ። በ1981 ስፔሻላይዝድ የተባለው ኩባንያ ስታምፕጀምፐር ብሎ በብዛት የተመረተ ማውንቴን ለገበያ አወጣ። በጃፓን ሳካይ ከተማ በ1921 ተመሥርቶ ፍሪዊል በመሥራት የጀመረው ሺማኖ፣ በ1987 ደግሞ በቺካጎ የተቋቋመው ስራም የማርሹን ገበያ ያዙት። ሳይክሉ በየዓመቱ ተሻሻለ፤ እውነትም ተሻሻለ። ችግሩ ማሻሻያው ሁሉ የየራሱን ልክ ይዞ መምጣቱ ነው። ጎማው 26 ኢንች ነበረ፤ ቀጥሎ 29 መጣ፣ ከዚያ 27.5። የኋላ ጥርሱ ከሰባት ወደ ስምንት፣ ወደ ዘጠኝ እያለ እስከ አሥራ ሁለት ደረሰ። የአሥራ ሁለቱ ሰንሰለት ቀጭን ነው፤ ለስምንቱ አይሆንም። ካሴቱ የሚቀመጥበት እምብርት እንኳ እንደየኩባንያው ይለያያል። የዲስክ ፍሬን ሸራው ቅርጹ ብዙ ነው። ማንጠልጠያዋማ እንደየቴላዮው የተለየች ስለሆነች፣ ዓይነቷ በመቶዎች ይቆጠራል። በ2019 ስራም ለሁሉም ቴላዮ እንድትሆን የታሰበች አንድ ማንጠልጠያ አውጥቶ ሌሎች ሠሪዎችም እንዲጠቀሙባት ፈቀደ። የበለጸገው ዓለም ራሱ በዚህ ብዛት መቸገሩን ከዚህ መረዳት ይቻላል። እኛ ዘንድ ያሉት ሳይክሎች ግን አብዛኞቹ ከዚያ በፊት የተሠሩ ናቸው።

አሁን ዕቃውን ይዘን ወደ አገራችን እንጓዝ። ማንጠልጠያዋ ቻይና ወይም ታይዋን ተሠርታ በውጭ ገበያ ከ10 እስከ 30 ዶላር ትሸጣለች። ወደ ኢትዮጵያ ለሚመጣ ዕቃ ዋናው በር ጅቡቲ ነው። ከጅቡቲ ወደ መሃል አገር፣ ከዚያ ወደ መርካቶ፤ ከመርካቶ ደግሞ ወደ መቐለ በመኪና 780 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። በየፌርማታው የሚነካት እጅ ሁሉ ድርሻውን ይወስዳል፤ ይህ የንግድ ሥርዓት ነው።

ነጋዴው ደግሞ ስሌት አለው። ካላማዳሪያ ቢያመጣ ለብዙ ሳይክል ይሆናል፤ በሳምንት ይሸጣል። ፔዳልም እንዲሁ። የአንድ ሞዴል ማንጠልጠያ ቢያመጣ ግን በከተማው ውስጥ ያንን ሞዴል የሚነዱት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱም መቼ ማን እንደሚወድቅ አይታወቅም። ገንዘቡ መደርደሪያ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ወይ አያመጣትም፣ ወይ ደግሞ የተኛችበትን ጊዜ ሁሉ በዋጋዋ ላይ ይጭናል። በነጋዴው ቦታ ብንሆን እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው።

ቀጥሎ የዶላሩ ነገር ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ፤ በዚያው የፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ላይ ከ120 ብር አለፈ። 20 ዶላር የሚያወጣ ሰንሰለት በአሮጌው ተመን 1,140 ብር ነበር፤ በ120 ብር ሲሰላ 2,400 ብር ሆነ። ትራንስፖርትም ትርፍም ገና አልተነካም።

«ድሮም ነጋዴው በ57 ብር ዶላር አያገኝም ነበር» የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ብዙው ሰው ዶላር የሚያገኘው ከባንክ ውጪ በውድ ዋጋ ነበር። ነገር ግን ጉምሩክ ቀረጥና ታክስ የሚያሰላው በባንኩ ተመን ነው። የባንኩ ተመን በእጥፍ ሲያድግ ታክሱም በብር ሲቆጠር በእጥፍ አደገ። ዕቃው ያው ዕቃ ነው፤ የሚከፈልበት ግን ሌላ ሆነ።

ታክሱ የሚደራረብበትንም መንገድ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ዕቃው ወደብ የደረሰበት ዋጋ ይያዛል። በዚያ ላይ የጉምሩክ ቀረጥ ይጨመራል። በድምሩ ላይ 15 በመቶ ቫት ይታሰባል። ቫቱ ከተጨመረበት በኋላ፣ ሱር ታክስ የሚመለከተው ዕቃ ከሆነ፣ በጠቅላላው ላይ 10 በመቶ ይታከላል። ቀረጡ ዜሮ ቢሆን እንኳ የ100 ብር ዕቃ በቫትና በሱር ታክስ ብቻ 126 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ነጋዴውም ትርፉን የሚያሰላው በዚህ ባበጠው ዋጋ ላይ ነው። እንግዲህ በሓድነት የሚኖረው ወጣት የሚከፍለው የብረቷን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የባሕሩን፣ የወደቡን፣ የዶላሩን፣ የታክሱንና መደርደሪያ ላይ የተኛችበትን ጊዜ ጭምር ነው።

ይህ ሁሉ በየትኛውም የአገራችን ከተማ ያለ ችግር ነው። ለምን በመቐለ ያዝሁት? መቐለና ሳይክል የቆየ ፍቅር ስላላቸው ነው።

የሳይክል ስፖርት በጣሊያኖች ዘመን በአሥመራ ሥር ሰድዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 የኤርትራ ዙር ተካሂዷል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ በተገኘችበት በ1956ቱ ሜልቦርን ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሯት። ወደ ኋላ ላይ የአገሪቱ የብስክሌት ማዕከል መቐለ ሆነች። በዚያች ከተማ የተወለደው ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ለላምፕሬ ሜሪዳ ቡድን ተሰልፎ ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ከትግራይ የወጣችው ኢየሩ ገብሩም በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ በስደተኞች ቡድን ስም በብስክሌት ተወዳድራለች። እነዚህ ሰዎች ከሰማይ አልወረዱም። ከእነሱ በፊትም በኋላም በየሰፈሩ ሳይክል የሚነዳ ልጅ አለ፤ ከልጁም ጀርባ ሳይክሉን የሚያቆምለት ጠጋኝ አለ። የጠጋኙ እጅ ባዶ ከሆነ ልጁ ይወርዳል፤ ነገ የምናጨበጭብለትም ሰው አይኖርም።

በዚህ መሃል የትግራይ ጦርነት መጣ። ከጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በተለይ ከዚያ ዓመት ሰኔ በኋላ፣ መቐለ ከሌላው ዓለም ተቆረጠች። ባንኩ ተዘጋ፤ ስልኩ ዝም አለ፤ አውሮፕላን ቀረ። ነዳጅ ጠፋ፤ የተገኘውም በድብቅ ገበያ የማይቀመስ ሆነ። መኪናው ቆመ። ያን ጊዜ ከተማዋ በእግር፣ በጋሪና በሳይክል ነበር የሄደችው። ወደ ሥራ የሚሄደውም፣ ሕመምተኛ ሊጠይቅ የሚወጣውም፣ ከገበያ ጤፍ የሚያመጣውም ሳይክል ያለው ሳይክሉን ያዘ። ሳይክል በሰላሙ ጊዜ የስፖርተኛና የተማሪ ነበረ፤ በችግሩ ጊዜ የሁሉ ሆነ።

ግን ጎማም ያልቃል፤ ሰንሰለትም ይበጠሳል። አዲስ ዕቃ የሚገባበት በር ስላልነበረ መለዋወጫው እዚያው ከተማ ውስጥ ካለው ሳይክል መውጣት ነበረበት። የማይሄደው እየተፈታ የሚሄደው ይጠገናል። ጦርነቱን የገታው የፕሪቶርያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ፤ አውሮፕላኑም ታኅሣሥ 19 ወደ መቐለ ተመለሰ። መንገዱ ተከፈተ። ያለቀው መለዋወጫ ግን በአንድ ጊዜ አልተተካም። ለመኖር የሚበቃውን ያጣ ቤተሰብ ጎማ ከመግዛቱ በፊት እህል ይገዛል። ሁለት ዓመት ሳይሞላም የዶላሩ ተመን ተለወጠ። የመቐለ ሳይክል ነጂ አንዱን ዳገት ወጥቶ ሳያርፍ ሌላው ነው የገጠመው።

ወደ ጠጋኙ እንመለስ። ማንጠልጠያዋ ጠፋች ብሎ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። የጎበጠች ከሆነች በእርጋታ ያቃናታል። የተሰበረች ከሆነች ደግሞ ከጠፍጣፋ ብረት ቆርጦ፣ በሞረድ ሞርዶ፣ በመሰርሰሪያ በስቶ የምትመስላትን ያወጣል። ያም ካልሆነ ማርሽ መቀየሪያውን አውልቆ፣ ሰንሰለቱን አሳጥሮ፣ በአንድ ጥርስ ላይ ብቻ ያስረዋል። ሳይክሉ ይሄዳል፤ ዳገት ሲመጣ ግን ወርዶ መግፋት ነው። ለዚህ ሰው ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው። ሆኖም ሁለት ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከጠንካራ ብረት የተሠራች ማንጠልጠያ አትሰበርም፤ በሚቀጥለው ውድቀት የሚሰበረው ቴላዮው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው የፍሬን ነገር ነው። ማርሽ ቢቀር በእግር ይገፋል፤ ፍሬን ቢቀር ግን በእንዳየሱስ ቁልቁለት ላይ የሚያቆም ነገር የለም። ገንዘብ ሲያጥር የሚቀደመው ፍሬን ይሁን።

ለነጂው ደግሞ ገንዘቡን የሚያድን አንድ ምሥጢር ላካፍል። ከሁሉ ቶሎ የሚያልቀው ሰንሰለት ነው፤ ያለቀ ሰንሰለት ደግሞ ብቻውን አይሞትም፤ ካሴቱንም የፊት ጥርሱንም በልቶ ይዞ ይሄዳል። የኖራ ድንጋዩ አቧራ ከዘይት ጋር ተለውሶ ብረቱን እንደ ሞረድ ነው የሚፍቀው። መለኪያው የትምህርት ቤት ማስመሪያ ነው። ከአንዱ የሰንሰለት ፒን መሃል ጀምራችሁ ሃያ ክፍል ቁጠሩ። አዲስ ሰንሰለት በትክክል 254 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 255 ካለፈ ብር ማጠራቀም ጀምሩ፤ 256 ከደረሰ ሳትውሉ ሳታድሩ ቀይሩት። በጊዜው የተቀየረ ሰንሰለት ካሴቱን ያተርፋል፤ ካሴት ደግሞ ከሰንሰለት በብዙ ይወደዳል። በየሳምንቱ በጨርቅ ጥረጉት፤ ዘይቱን በጠብታ አድርጉ፤ የተረፈውን አድርቁ።

ሳይክል የምትገዙም ከቀለሙ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የጎማው ልክ በከተማው ይገኛል ወይ? የኋላ ጥርሱ ስንት ነው? ማንጠልጠያዋስ ተለይታ ትወጣለች ወይ? ከተቻለ በገዛችሁ ዕለት ሁለተኛ ማንጠልጠያ ግዙና ከኮርቻው ሥር እሰሯት። ስምንት ወይም ዘጠኝ ጥርስ ያለው ሳይክል ለእኛ አገር ከአሥራ ሁለቱ ይሻላል፤ ዕቃው ርካሽ ነው፤ ከብዙ ሳይክልም ይገኛል።

ግን ሁሉን በነጂው ጫንቃ ላይ ጥሎ መሄድ ፍትሕ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመው ወርልድ ባይሲክል ሪሊፍ የተባለ ድርጅት እንደ ዛምቢያና ኬንያ ባሉ አገሮች ለገጠር የሚሆን ቡፋሎ የተባለ ጠንካራ ሳይክል ሲያዳርስ፣ መለዋወጫ ሱቅና የሠለጠነ ጠጋኝም አብሮ ያስባል። ሳይክሉ ቀላል ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ የአንዱ ዕቃ ለሌላው ይገጥማል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ሳይክል ሰጥቶ መለዋወጫ መንፈግ ማለት ነገ የሚቆም ሳይክል መስጠት ነው።

አገራችን ከ2020 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ ሞተር አልባ የትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት። ለኤሌክትሪክ መኪናም በ2014 ዓ.ም. የታክስ ማቃለያ ሰጥታለች። ነዳጅ ለማይጠጣ መኪና ይህ ከተደረገ፣ ነዳጅም ኤሌክትሪክም ለማይጠይቀው ሳይክል፣ ለሰንሰለቱ፣ ለጎማው፣ ለፍሬን ሸራውና ለማንጠልጠያዋ ቢደረግ መንግሥት የሚያጣው ጥቂት ነው፤ ሕዝቡ የሚያገኘው ብዙ ነው።

የመቐለ ነጋዴዎች ሆይ፣ እያንዳንዳችሁ ለብቻ ከምታዝዙ ጠጋኞቹን ሰብስባችሁ የሚያስፈልጉትን ዓይነቶች ዘርዝሩና በአንድ ላይ እዘዙ። የሙያ ትምህርት ቤቶች ሆይ፣ ማንጠልጠያ በትክክለኛው አሉሚኒየም መቅረጽ ከአቅማችሁ በላይ አይደለም፤ ለተማሪዎቻችሁ መልመጃ አድርጉት። የብስክሌት ቡድኖች ሆይ፣ ከውጭ ስትመለሱ ሻንጣችሁ ውስጥ ለሰፈሩ ጠጋኝ የሚሆን ዕቃ አስቀምጡ። የገንዘብ ሚኒስቴርና ጉምሩክም የብስክሌት መለዋወጫን እንደ ቅንጦት ሳይሆን እንደ ሕዝብ ማመላለሻ ዕቃ ይዩልን። ሳይክል የድሃ መጓጓዣ የሚሆነው መለዋወጫውን ድሃ መግዛት ሲችል ነው።